ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አንድ ሰው ከድመት ጆሮ የወጣ ጥቁር ቆሻሻ ፊቱ አስቀምጧል። ቆሻሻው የቡና አተላ ይመስላል። በማይክሮስኮፕ አይቶታል፤ ውስጡ ሕይወት አለ፣ ይርመሰመሳል። ሰውየው የጆሮ ጥጥ በሞቀ ውሃ አረጠበ፣ አንድ ግራም ያህሉን በጥጡ ጫፍ አነሣ፣ ከዚያም በገዛ ግራ ጆሮው ውስጥ ከተተው።

ወዲያው ሰማቸው። መጀመሪያ መቧጨር፣ ቀጥሎ የመሄድ ድምፅ፣ ከዚያ ማሳከክ። ጥቂት ቆይቶ ሦስቱም ተደባልቀው ጩኸቱን ከሕመሙ መለየት የማይቻልበት ነገር ሆኑ። ብዙም አይቆይም ብሎ ነበር የገመተው። ሲመሽ ግን ሥጋት ገባው። ጥቃቅኖቹ ፍጥረታት ወደ ጆሮው ታምቡር እየጠለቁ፣ ድምፃቸውም እየጎላ ሄደ። ደግነቱ የሞከረው በአንድ ጆሮው ብቻ ነው።

ሰውየው ሮበርት ሎፔዝ ይባላል። በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ዌስትፖርት በምትባል ትንሽ ከተማ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ያደረገውን ሁሉ ጽፎ በ1993 በአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አሳተመው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዓመቱ ሽልማት ተሰጠው። ሽልማቱ የመሳቂያ ሽልማት ነበር።

በእኛ አገር «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ተረቱ ስለ ሐሜት ነው፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው ከሁሉ በኋላ ነው ለማለት ነው። የድመት ጆሮ ግን ለድመቷ ሳይሆን ለአሳዳሪዋ ባዳ ነው። እሷ ሌሊቱን ሙሉ የምትሰማውን፣ አጠገቧ የተኛው ሰው አይሰማም። ስታክክ ያያል። ራሷን ስታራግፍ ያያል። «ቁንጫ ይዟታል» ይላል፤ ወይም «ኩክ ነው» ብሎ ያልፋል።

ኩክ አይደለም፣ ቁንጫም አይደለም። የጆሮ ቅንቅን ነው። ከመዥገርና ከሸረሪት ወገን የሆነ፣ ስምንት እግር ያለው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ፍጥረት ነው። ዓይኑ የሰላ ሰው ጥቁር ጨርቅ ላይ ቢያራግፈው እንደ ነጭ ነጥብ ሲንቀሳቀስ ሊያየው ይችላል። የሰውን እከክ እንደሚያመጣው ዘመዱ ቆዳ ሰርስሮ አይገባም። ከቆዳው ላይ ይኖራል፤ የቆዳውን ቅርፊትና ከቆዳው የሚወጣውን ፈሳሽ ይመገባል። ከዕንቁላል ተነሥቶ ዕንቁላል ጣይ እስኪሆን ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ያ ጥቁር የቡና አተላ የሚመስለው ነገር የእሱ ኩስ፣ የድመቷ ኩክና የደረቀ ደም ተለውሶ ነው። በድመቶች ላይ ከሚታየው የውጭ ጆሮ ብግነት ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው ይኸው ቅንቅን እንደሆነ የሙያው መጻሕፍት ያስተምራሉ።

ይህን ሁሉ ለማወቅ የሰው ልጅ ረጅም መንገድ ሄዷል። መንገዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሷል።

በ1687 ጆቫኒ ቦኖሞና ዲያቺንቶ ቼስቶኒ የተባሉ ሁለት ጣሊያናውያን፣ በሊቮርኖ ከተማ፣ ከሰው እከክ ውስጥ ጥቃቅን ፍጥረት አውጥተው በማይክሮስኮፕ አዩ፤ ሥዕሉን ሠሩ፤ እከክን የሚያመጣው ይህ ነው ብለው ጻፉ። ሰሚ አላገኙም። የዘመኑ ሐኪሞች እከክ የሚመጣው ከደም መበላሸት ነው፣ ከውስጥ ነው ብለው ያምኑ ነበርና ያንኑ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። በ1812 ፓሪስ ውስጥ ጋሌስ የተባለ ሰው «የእከክን ቅንቅን አገኘሁ» ብሎ ሥዕሉን አወጣ። ሌሎች ሐኪሞች ፈልገው ፈልገው አጡት። ኋላ ሲጣራ ሥዕሉ የአይብ ቅንቅን ሆኖ ተገኘ። በዚህ ቅሌት ምክንያት ጉዳዩን ማንሣት ራሱ የሚያሳፍር ሆነ።

ነገሩን የፈታው የኮርሲካ ደሴት ልጅ የሆነ ተማሪ ነው። ሲሞን ፍራንሷ ሬኑቺ ይባላል። በ1834 በፓሪሱ የቅዱስ ሉዊ ሆስፒታል፣ በታላላቆቹ ሐኪሞች ፊት፣ ከአንዲት ታማሚ እጅ ላይ ቅንቅኑን በመርፌ ጫፍ አውጥቶ አሳየ። ብልሃቱን ከመጽሐፍ አልተማረውም። በአገሩ ድሃ ሴቶች እንደዚያ ሲያደርጉ አይቶ ነው። እኛ ዘንድ እናት የልጇን ሙጀሌ በመርፌ እንደምታወጣው ማለት ነው። የፓሪስ ሐኪሞች ሃያ ዓመት የተከራከሩበትን ነገር የኮርሲካ ሴቶች በየደጃፋቸው ሲሠሩት ኖረዋል። የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

የሬኑቺ መርፌ በሩን ከፈተ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች የእንስሳትን ቆዳም በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1838፣ በጀርመን የሽቱትጋርት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ኤድዋርድ ሄሪንግ የጆሮውን ቅንቅን ለይቶ ገለጸው፤ ስሙንም «ሳይኖቲስ» አለው፤ የውሻ ጆሮ ማለት ነው። በ1894 ጣሊያናዊው ካኔስትሪኒ «ኦቶዴክተስ» የሚለውን የወገን ስም ጨመረበት። በግሪክኛ «ጆሮ ነካሽ» እንደማለት ነው። ስሙ ለውሻ ጆሮ ይሰጥ እንጂ ቅንቅኑ ይበልጥ የሚያጠቃው ድመትን ነው። ድመቷ በስሙ ውስጥ እንኳ ቦታ አላገኘችም።

እግሩ ተቆጠረ፣ ዕድሜው ተለካ፣ ሥዕሉ ተሣለ። ሞላላ ዕንቁላሎቹ ሳይቀሩ በየመማሪያ መጽሐፉ ገቡ። ከሄሪንግ በኋላ መቶ ሠላሳ ዓመት ሲያልፍ ስለ ቅንቅኑ የሚታወቀው ብዙ ነበር። ጆሮዋን ስላከራየችው ስለ ድመቷ ግን «ያሳክካታል» ከሚለው አንድ ቃል በቀር የተጻፈ እምብዛም አልነበረም።

ሎፔዝን ወደዚህ ጉዳይ ያስገባው በ1968 የገጠመው አንድ ነገር ነው። አንዲት ሴት ጆሯቸው በቅንቅን የተሞላ ድመቶች ይዛ ወደ እሱ መጣች። ሴትየዋንና ትንሽ ልጇንም ገላቸውን ያሳክካቸው ነበር። ድመቶቹ ሲታከሙ እናትና ልጅም ዳኑ። ሎፔዝ በሰው ላይ ስለሚደርሰው ነገር የተጻፈ ካለ ብሎ ፈለገ፤ የሚያረካ አላገኘም። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን እዚያው ይተወው ነበር። እሱ ግን ጥጡን አረጠበ።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ታሪክ የጻፈው ሰዓት እየቆጠረ ነው፤ የጽሑፉም ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሊተኛ ሲል ቅንቅኖቹ በረቱ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ሥራ በዝቶባቸዋል፤ ይነክሳሉ፣ ይቧጭራሉ፣ ይመላለሳሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታት ድምፁም ማሳከኩም እየናረ ሄዶ፣ ወደ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም መብረድ ጀመረ። በማግሥቱም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም ቀን። ቀን ቀን ጋብ ይላሉ፤ ሲመሽ ገበታ ይቀርባሉ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ።

በሳምንታት ውስጥ የጆሮው ቀዳዳ በቆሻሻ ሞላ። በግራ ጆሮው መስማት አቆመ። በአራተኛው ሳምንት ግርግሩ በጣም ቀነሰ፤ ሌሊት ሌሊት ግን ቅንቅኖቹ ፊቱ ላይ ሲሄዱ ይሰማው ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ማሳከኩ ቆመ። ቆሻሻውን በሞቀ ውሃ አጠበው፤ ጆሮውም ዳነ።

እዚህ ላይ አብቅቶ ቢሆን ኖሮ የአንድ ሰው ቅብጠት ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ሎፔዝ ግን አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ማስረጃ እንደማይሆን ያውቃል። ጆሮው ካገገመ በኋላ ደገመው። አዲስ ቅንቅን፣ ያው ግራ ጆሮ። ሁለተኛው ዙር ቀለል አለ፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ አለቀ። ሦስተኛ ጊዜም አደረገው፤ ያ ደግሞ ከሁለተኛውም የቀለለ ሆነ። ከዚህ ሁለት ነገር ደመደመ። አንደኛው፣ ገላ ቅንቅኑን እየለመደ የመከላከል አቅም ሳያበጅ አይቀርም የሚል ነው። ሁለተኛው ለድመት አሳዳሪ የሚጠቅም ነው፦ ቅንቅኑ የሚመገበው ሌሊት ከሆነ መድኃኒቱም ጆሮ ውስጥ መግባት ያለበት ሲመሽ ነው።

ማስረጃው አንድ ሰው፣ አንድ ጆሮ ነው። ማወዳደሪያ የለውም። የሰው ጆሮ የድመት ጆሮ አይደለም፤ ቅንቅኑም ሰው ላይ የሚከርም ፍጥረት አይደለም። ሳይንስ በዚህ ብቻ አይቆምም፤ መተቸቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያቺ የሰዓት መዝገብ የያዘችውን ማንም ከድመት አፍ ሊያገኝ አይችልም ነበር። ጆሮዋ በቅንቅን የተሞላ ድመት ቀን ተኝታ ውላ፣ ሌሊት ከአልጋ ሥር ቁጭ ብላ ራሷን ስታራግፍ የሚያድር ቤት ካለ፣ በዚያ ሰዓት ምን እየሆነ እንደነበር ከዌስትፖርቱ ሐኪም ማስታወሻ ሊገምት ይችላል።

በ1994 የኢግ ኖቤል ሽልማት በኢንቶሞሎጂ፣ ማለትም በነፍሳት ጥናት ዘርፍ፣ ለሎፔዝ ተሰጠ። ይህ ሽልማት በ1991 በማርክ ኤብራሃምስ የተጀመረ ነው። መጀመሪያ የሚያስቁ፣ ቀጥለው የሚያሳስቡ ሥራዎችን እንደሚያከብር ይናገራል። ብዙ ሰው ግን ሳቁ ላይ ይቀራል። የሎፔዝ ስም ዛሬም የሚነሣው «ጆሮው ውስጥ የድመት ተባይ የጨመረው ሰውዬ» እየተባለ ነው፤ ሲመሽ ስለሚሰጠው መድኃኒት የሚያነሣ የለም።

ከሎፔዝ ጽሑፍ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1984፣ አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ የያዘ ፈሳሽ ጠጥቶ ራሱን አሳመመ። ጨጓራን የሚያቆስለው ጭንቀትና ቅመም ብቻ አይደለም ለማለት ነበር። በ2005 ትክክለኛውን ኖቤል ተሸለመ። የሁለቱ ግኝት ክብደት እኩል ነው የሚል አይኖርም። ድፍረቱ ግን ያው ድፍረት ነው። አንዱ ያተረፈው የሰውን ጨጓራ ስለሆነ ተከበረ፤ ሌላው የድመትን ጆሮ ስለሆነ ተሳቀበት። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለው ተረት ስለ ሰው ቁስል እንኳ ይህን ያህል ካለ፣ የድመት ቁስልማ ምን ይሆን?

ጆሮው ደግሞ ተራ ጆሮ አይደለም። ሰው የሚሰማው እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ድረስ ነው፤ ድመት እስከ 85 ኪሎ ኸርዝ እንደምትሰማ በ1985 የታተመ የላቦራቶሪ ጥናት አሳይቷል። ሰው ጨርሶ የማይሰማውን የአይጥ ጩኸት ከግድግዳ ወዲያ ትለያለች። ጆሮዋን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ሠላሳ ያህል ናቸው። አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ አዙራ ቤቱን ሁሉ ትቃኛለች። ቅንቅኑ ቤቱን የሠራው በዚህ መሣሪያ ውስጥ፣ ከታምቡሩ አጠገብ ነው። አይጥ የማትይዝ ሆናለች ተብላ የምትረገም ድመት፣ አንዳንዴ የሰነፈችው እሷ ሳትሆን የተደፈነው ጆሮዋ ነው።

አሠራሩም የራሱ ጣጣ አለው። የሰው ጆሮ ቀዳዳ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ይገባል። የድመት ግን መጀመሪያ ቁልቁል ይወርድና ታጥፎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የክርን ቅርጽ ነው። ላይ የሚታየው ጥቁር ነገር ከታች ያለው ጥቂቱ ነው። ደግ አሳቢ ሰው የጆሮ ጥጥ ይዞ «ላጽዳላት» ብሎ ሲገፋ የሚሆነው፣ ቆሻሻውን ከክርኑ በታች መጠቅጠቅ ነው። ታምቡሩ ቢቀደድም አያይም። ድመቷ ትጮኻለች፤ ሰውየውም «ተጎረበጠች» ብሎ የበለጠ ይይዛታል።

ማከኩ ሲበዛ የጆሮዋ ቅጠል ውስጥ ትናንሽ የደም ሥሮች ይበጠሱና በደም ይነፋል፤ ያለ ሕክምና ሲደርቅ ደግሞ ተጨማዶ ይቀራል። እንዲህ ያለች ድመት በየሰፈሩ አለች። «ተጣልታ ነው» ይባላል። የተጣላችው ከገዛ ጥፍሯ ጋር ነው።

ድሮ ሕክምናው ዘይት ነበር። ንጹሕ ዘይት ጆሮዋ ውስጥ ጠብ አድርጎ፣ ከሥር ከሥሩ እያሹ፣ ቅንቅኑን አፍኖ መግደል። ዘዴው ሞኝ አይደለም፤ ቆሻሻውንም ያለሰልሳል። ችግሩ ዕንቁላሉን አለመግደሉ ነው። ስለዚህ ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳያቋርጡ መቀጠል ያስፈልጋል። ሰው ግን ድመቷ ማከክ ስትቀንስ በሳምንቱ ያቆማል፤ በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ከዜሮ ይጀምራል።

መፍትሔው የመጣው ከጃፓን አፈር ነው። በ1970ዎቹ ሳቶሺ ኦሙራ የተባለ ተመራማሪ፣ ኢቶ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ከጎልፍ ሜዳ አጠገብ ካነሣው አፈር ውስጥ አንድ ባክቴሪያ ለየ። ናሙናው ወደ አሜሪካው መርክ ኩባንያ ተላከ። እዚያ ዊልያም ካምቤልና ባልደረቦቹ ከባክቴሪያው የሚወጣው ነገር ትላትሎችንና ቅንቅኖችን ሽባ እንደሚያደርግ አገኙ። ተሻሽሎ አይቨርሜክቲን ተባለ፤ በ1981 ለእንስሳት መሸጥ ጀመረ። መድኃኒቱ የተባዩን ነርቭ ይዘጋል። ያ በር አጥቢ እንስሳት ነርቭ ላይ የለም፤ ስለዚህ በልኩ ሲሰጥ ድመቷን ትቶ ቅንቅኑን ብቻ ይገድላል። ኦሙራና ካምቤል በ2015 ኖቤል ተሸለሙ።

ኖቤሉ የተሰጣቸው ግን ለድመት ጆሮ ብለው አይደለም። ያንኑ መድኃኒት ኩባንያው በ1987 ለሰው በነፃ ለመስጠት ቃል ገብቶ ነበር፤ ዓይን ለሚያሳውረው ኦንኮሰርኪያሲስ። ይህ በሽታ ፈጣን ወንዝ አጠገብ በምትራባ ጥቁር ዝንብ ይተላለፋል፤ ቆዳን ሌሊትና ቀን ያሳክካል፣ ሲከርም ዓይን ያጠፋል። በኢትዮጵያ ከተጠቁት አካባቢዎች ዋነኞቹ በደቡብ ምዕራብ ያሉት ናቸው። ከፋና ሸካ፣ ጅማና ኢሉባቦር ያለ ገበሬ ቁመቱ በዘንግ ተለክቶ፣ በቁመቱ ልክ ክኒን ተቆጥሮለት የዋጠው መድኃኒት ይኸው ነው። ለከብትና ለበግ የሚወጋውም ይኸው ነው፤ በአገሩ የእንስሳት መድኃኒት መደብር ስሙን የማያውቅ አርቢ ጥቂት ነው። ለሰው ዓይን፣ ለበግ ቆዳ፣ ለድመት ጆሮ የደረሰው መድኃኒት ከአንድ ጭብጥ አፈር የወጣ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ድመት የሚያልቅበት ስሕተት አለ። ለድመት ጆሮ ተብሎ የተዘጋጀው የአይቨርሜክቲን ጠብታ ጥንካሬው 0.01 በመቶ ነው። ለከብት የሚወጋው 1 በመቶ ነው። ልዩነቱ መቶ እጥፍ ነው። «መድኃኒቱ አንድ አይደል?» ብሎ ከበግ መርፌ የተረፈውን ለሁለት ኪሎ ድመት የሚሰጥ ሰው፣ ለድመቷ የሚሰጠው ፈውስ ሳይሆን መንቀጥቀጥና መፍዘዝ ሊሆን ይችላል፤ ለግልገል ደግሞ ሞት። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጠው ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ከዚህም የባሰ ነው፤ የድመት ጉበት አይፈታውም። ሎሚ፣ አልኮል፣ ነጭ ጋዝ ሳይቀር የሚሞክር አይጠፋም። የቆሰለ ቆዳ ላይ አልኮል ምን እንደሚያደርግ የላጨው ጢሙ ላይ ሽቶ ያፈሰሰ ወንድ ሁሉ ያውቀዋል።

ከአይቨርሜክቲን በኋላ ዘመዶቹ መጡ። ሴላሜክቲን የሚባለው ከትከሻዋ መካከል ጸጉሩን ገለጥ አድርገው ቆዳው ላይ ጠብ የሚደረግ ነው። ጆሮዋን ጨርሶ መንካት አያስፈልግም። ከዚያም ወዲህ አንዴ ተሰጥተው ለሳምንታት የሚሠሩ አዳዲሶች ወጥተዋል። ስለዚህ በሎፔዝ ዘመን ሐኪሙን ሳይቀር ያስጨነቀው የሦስት ሳምንት ትግል ዛሬ በብዙ አገር አንድ ጠብታ ሆኗል። አዲስ አበባ ውስጥ ለድመት የሚሆነው ሁልጊዜ ባይገኝም፣ በልኩ አስልቶ የሚሰጥ ሐኪም አይጠፋም። የሚጎድለው ድመቷን ይዞ የሚሄደው ሰው ነው። ድመት እኛ ዘንድ ሠራተኛ ናት። ለአይጥ ትቀመጣለች፣ ትራፊ ትበላለች፣ ትወልዳለች፣ ትጠፋለች። ላም ብትታመም ሐኪም ይጠራል፤ ወተት አላትና። ለድመት ሐኪም መጥራት ብዙ ቤት አሁንም ያስቃል።

ጥቁር ነገር ያለበት ጆሮ ሁሉ ቅንቅን አይደለም። ፈንገስ አለ፣ ባክቴሪያ አለ፣ በወጣት ድመቶች ላይ ከውስጥ የሚበቅል ሥጋ አለ። ጆሮዋ ነጭ የሆነ ድመት ጫፉ ላይ የማይድን ቁስል ብታወጣ፣ ፀሐይ ያመጣው ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ እንደ እኛ ያለ ደጋና ፀሐያማ አገር ላይ ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። ራሷን ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች ወይም ስትሄድ ከተንገዳገደች ነገሩ ከታምቡሩ አልፏልና ዘይትም ጠብታም ከቤት አይሞከርም። የሚለየው በማይክሮስኮፕ ነው፤ ቦኖሞ በ1687 በተጠቀመበት በዚያው መሣሪያ።

ማየት ግን ሁሉም ቤት ይቻላል። ሲመሽ፣ ድመቷ ጭን ላይ ስትሞቅ፣ የጆሮዋን ቅጠል ወደ ኋላ እጥፍ አድርጎ የስልክ መብራት ማብራት ነው። ጤነኛ ጆሮ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም አለው፣ አይሸትም፣ ቢበዛ ትንሽ ቡናማ ኩክ ይታይበታል። የቡና አተላ ከታየ፣ ከጆሮዋ ሥር ሲነኳት ደግሞ የኋላ እግሯ በአየር ላይ ማከክ ከጀመረ፣ እንግዶቹ ገብተዋል። ሐኪሙ ጠብታ ካዘዘ ጠብታው ይገባል፤ የጆሮዋ ሥር በሁለት ጣት መካከል በቀስታ ይታሻል፤ ጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ እግር የሚመስል ድምፅ እስኪሰማ ድረስ። ከዚያ መልቀቅ ነው። ራሷን ታራግፋለች፤ ግድግዳውም ልብስም ጥቁር ይፈናጠቅበታል። የወጣውን በጥጥ ከላይ ከላይ መጥረግ ይበቃል።

ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ካለ፣ ውሻም ቢኖር፣ ባያክኩም አብረው ይታከማሉ። በተለይ የወለደች እናት ካለች እሷ ነች መጀመሪያ የምትታየው። ግልገሎቹ ዓይናቸው ሳይገለጥ ጡት ሊጠቡ ሲጠጉ ቅንቅኑ ከእሷ ጆሮ ወደ እነሱ ይሻገራል። እሷ ለምዳዋለች፤ እንደ ሎፔዝ ሦስተኛ ዙር ቀሎላታል፣ ብዙም አታክክም። እነሱ ግን የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ናቸው።